የሕያው ስም አይጻፍም

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽ ከክረምቱ ወዲህ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍረሃል ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የገበሬ ማሳ ስለካ ያልወፈርኩ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥቼ ተቀምጬ ስበላ ብወፍር ምን ይገርማል። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሹፌሩ በኪሱ እንደያዛቸው ቢቸና ከርሟል። ስልኩም እናንተ ዘንድ ገና እንዳልተመለሰ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እንደ ድሮው በወረቀት መጨዋወት ነው። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ለዲያቆኑ አታስነብቢው፤ ይኸ ነገር የዲያቆን ጆሮ የሚገባው አይደለም።

ልመናሽን አልረሳሁም። እናታችን ደብሪቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልትሞት ስትል ለአንቺ የነገረችሽን እኔም በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «አልወለድኩሽም። ጡቴ ላይ ማር ቀብቼ አጠባሁሽ። የወለደችሽ በንዳዱ፣ በወባው ዘመን ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ይጁቤ ድረስ የመጣች ሴት ናት» ነበር ያለችሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጡት ልጅ ነሽ ብዬሽ አላውቅም፤ አንቺም አንስተሽው አታውቂም። አሁን ግን ቆብ ከመድፋቴ በፊት ለወለደችኝ ተዝካር ላውጣ፣ ካህናቱም ያለ ስመ ክርስትና አይጸልዩላትም ካልሽ፣ ስሟ መገኘት አለበት።

ማኅበራችንን ታውቂዋለሽ፤ «ሥራ የፈቱ ሽማግሌዎች» እያልሽ የምታሾፊበትን። ቅዳሜ ቅዳሜ በየደብሩ እየዞርን ትውልድ እንቆጥራለን፣ አዛውንቶቹ ይዘውት ከመሞታቸው በፊት እንጽፋለን። አንድ ደንብ አለን፤ የሕያው ሰው ስም አይጻፍም። ባላገር ሕያውን መቁጠር ሞት ይጠራል ይላልና፣ ያለዚህ ደንብ ማንም አፉን አይከፍትልንም።

ባለፈው ወር ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ደብር ሄድን፤ ሊቀ መንበራችን መሪጌታ ጸጋው፣ እኔና ሂዊ የምትባል የታሪክ መምህርት። ሂዊ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ቀልጣፋ ልጅ ናት፣ ደንባችን ግን አልገባትም። የደብሩን ሙታን የሚያውቅ ማነው ስንል ሁሉም ወደ አንዲት ባልቴት ቤት መሩን። ዘጠና ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ከመደብ አይነሱም፣ አንደበታቸው ግን አልደከመም። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በንዳድ፣ ማን በጥይት፣ ማን በምጥ እንደሞተ ያወርዱታል። ሂዊ «የእሳቸውስ ስም?» ብላ እስክሪብቶ ብታነሳ መሪጌታ እጇን ያዟት። «አንቺ ልጅ፣ ሴትዮዋን ልትገድያቸው ነው?» አሏት። ባልቴቷ ሳቁ።

ስንነሳ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ በንዳዱ ዘመን ሴት ልጇን ይጁቤ ሰጥታ የተመለሰች ሴት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «አውቃታለሁ። ሞታለች። ስመ ክርስትናዋ ወለተ ኪዳን ነው። ጻፉት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስሙ ከተገኘ ሌላው ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።

እንግዲህ እናትሽ ወለተ ኪዳን ትባላለች። ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልሽ።

ወንድምሽ
ሀይለመለኮት ገዳሙ


መርጡለ ማርያም
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድማለም፣

እንዴት ነህ? ወፍሬያለሁ ያልኸውን አላምንም፤ አንተ ድሮም ነፋስ የሚወስድህ ሰው ነህ። ጉልበቴን ለጠየቅኸኝ፣ እሱስ ያው ነው፤ ከስግደት ጋር እንደተጣላ አለ።

ስሟን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ አልያዝኩም። ወለተ ኪዳን፣ ወለተ ኪዳን እያልኩ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ጎረቤቴ ሰምታ «ማንን ነው የምትጠሪው?» ብትለኝ «ድመቷን» አልኳት። ድመት የለኝም። አለቀስኩም፤ አልደብቅህም። ጤና ረዳት ሆኜ ስንቱን ልጅ ከማኅፀን ተቀብያለሁ። እያንዳንዱን እናቱ ደረት ላይ ሳስተኛው፣ እኔስ በማን ደረት ላይ ነበርኩ እያልኩ ነው ያረጀሁት። አሁን ቢያንስ የምጠራው ስም አገኘሁ።

ደብሪቱን የካድኳት እንዳይመስልህ። እናቴ እሷ ናት፤ ማሯን ልሼ አድጌአለሁ። ግን ለአንዷ እናቴ ተዝካር ወጥቶ፣ ሌላዋ ስም አጥታ አፈር ውስጥ ተኝታ፣ እኔ ቆብ ደፍቼ ለዓለም ሁሉ ልጸልይ? ይኸ አይሆንልኝም። ተዝካሩን ለጥር ኪዳነ ምሕረት አስቤአለሁ። ከካህናቱ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።

አንድ ነገር አስቸግርህ። ያቺ ባልቴት ወለተ ኪዳንን በዓይኗ አይታታለች፤ እኔ የማላስታውሰውን ፊት ታውቀዋለች። ተመልሰህ ጠይቅልኝ። ረጅም ነበረች አጭር? ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር? ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር ወይ? እኔ እሸፍናለሁ፤ ደብሪቱ ግን አትሸፍንም ነበር። ምን ሆና እንደሞተችም ጠይቅ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲስ ጋቢ ልኬአለሁ፤ ለራሴ ያስፈተልኩት ነው። ለባልቴቷ አልብስልኝ። የእናቴን ስም የሰጠችኝ ሴት ልትበርዳት አይገባም።

እኅትህ
እቴናት


ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እኅቴ ለእቴናት፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትሽስ? ጎረቤትሽስ ደህና ናት? ልጆቿስ? ላሟስ ወለደች ወይ? የቤትሽ ቆርቆሮ ያፈስ ነበር፤ አስጠገንሽው? የደብሩ ካህናት፣ የጽዋ ማኅበርተኞችሽ፣ ሁሉም በሰላም አሉ? እኛ ዘንድ ሁሉም ደህና ነው። ያው ጉንፋን ነው፤ እሱም ለሁሉም ነው። ሂዊ ሰላም ብላሻለች፤ ሳታውቅሽ ትወድሻለች። መሪጌታም እግዜር ይባርክሽ ብለዋል።

ጋቢሽን አድርሻለሁ። ባልቴቷ ደስ ብሏቸዋል። ለረጅም ጊዜ ሲዳስሱት ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟልና። የጠየቅሽኝን ጥያቄ በተመለከተ፣ ዕድሜያቸው ነውና ብዙም አያስታውሱም። ቁመቷ መካከለኛ ነበር ይላሉ። ሳቋን አላስታውስም ብለዋል።

እታለም፣ ተዝካሩን ለምን ከፋሲካ ወዲያ አታደርጊውም? ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሰው ይባክናል። እኔም መንገዱ ካልተከፈተ አልደርስልሽም፤ ወንድምሽ ሳይኖር ደግሞ አያምርም። ምንም ችኮላ የለበትም፤ ሙት አይቸኩልም ይባል የለ። መሪጌታ ጸጋው ባለፈው ሲያጫውቱን፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ የሚወጣ የቁም ተዝካርም አለ፣ ኃጢአት የለበትም ሲሉ ነበር። ይኸን ለምን እንዳነሳሁት እንጃ፤ ብዕር ሲይዙ ነገር ይመጣል።

ራስሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ
ሀይለመለኮት


መርጡለ ማርያም
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀይለመለኮት፣

ተዝካሩ ወጥቷል። እንዳሰብኩት በኪዳነ ምሕረት ነው። ወለተ ኪዳን ተብሎ በቅዳሴው ሲጠራ የጎረቤቴን ክንድ ያዝኩ። ደሃውም ካህኑም በልቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። አልዘገየሁልህም፤ ለምን እንድዘገይ እንደፈለግህ ስላልነገርኸኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የጎረቤቴን ላም ጤና የጠየቅኸው ከመቼ ወዲህ ነው? ላሚቱን አይተሃት አታውቅም። አባታችን ገዳሙ ያረፈ ጊዜም የላክኸው ደብዳቤ እንዲህ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ፣ የበጎቹ ሳይቀር፣ ከዚያ ታች ጥግ ላይ «አባባም አርፏል»። አንተ ሰላምታህ ሲረዝም እኔ ከታች ጀምሬ ነው የማነበው። ከልጅነትህ ጀምሮ የሰበርኸውን ዕቃ በነጠላ የምትሸፍን ልጅ ነበርህ።

የምትሸፍነው ምንድነው? ወለተ ኪዳን ራሷን አጥፍታ ነው የሞተችው? ተሰቅላ ነው? ከሆነም ንገረኝ። በተዝካሩ ሰሞን ከዚህ ሌላ ሳስብ የዋልኩት ነገር የለም። ፍትሐት የማይገባት ሆና እንደሆነ እኔ ደግሞ በጾም በስግደት የምለምንላት መንገድ ይኖራል፤ ግን ማወቅ አለብኝ። ቆብ የምደፋው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። ሰላምታውን ተወውና ነገሩን ጻፍልኝ።

እቴናት


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ወለተ ኪዳን አልሞቱም። ጋቢሽን የለበሱት እሳቸው ናቸው።

ይኸን ጽፌ ወረቀቱን ትቼ ውጭ ወጣሁ፤ ተመልሼ ነው የምቀጥልልሽ። ጋቢውን ይዤ ለብቻዬ ነበር የሄድኩት። ልጆቻቸው እርሻ ላይ ነበሩ፣ ምራታቸው ውኃ ወርዳ ነበር። «ማን ላከልኝ?» አሉ። «ያቺ የነገሩን ሴት ልጅ ናት። በሕይወት አለች፤ መርጡለ ማርያም ትኖራለች» አልኳቸው። ጋቢውን ወደ ፊታቸው ስበው ተሸፈኑበት፤ የተኙ መስሎኝ ልነሳ ነበር። ከጋቢው ውስጥ ሆነው «ጥርሷን በደህና አበቀለች?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። የሰባ ዓመት አሮጊት ጥርስ ምን ሊያደርግላቸው ነው አልኩ። ቀጠሉና «ድዷ አብጦ ስታለቅስ ነው የተለየኋት። በዚያ ላይ ትኩሳት ይዟት ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኛ ሙታንን ስንፈልግ ስንት ደብር ዞርን፤ የምንፈልጋት ሴት ፊታችን ተቀምጣ ሙታኑን ስትቆጥርልን ስሟን ሳንጠይቅ ወጣን። ለመጠየቅ የፈለገችውንም ሂዊን ከለከልናት። ደንባችን ነዋ!

የነገሩኝ እንዲህ ነው። የወለደሽ አባት በንዳዱ ሞተ። የእሳቸው ወገን ሌላ ባል ሰጣቸው፤ የባል ወገን ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ አናሳድግም አለ። ይጁቤ ወስደው ለደብሪቱ ሰጡሽ፤ ልጇን ሰጠች እንዳይባሉ ባላቸው ቤት «ልጄ በንዳድ ሞተች» ብለው ማሉ። በታቦት ነው የማሉት፣ እታለም። ከዚያ ወንዶች ልጆች ወለዱ። ትልቁ እንዳላማው ይባላል፤ ልጆቹ ይኸን አያውቁም። ለማኅበራችን ሲያስጽፍ እንኳ «አንዲት ታላቅ እኅት ነበረችን፣ በንዳድ ሞታለች» ብሎን ጽፈናታል። አንቺ ነሽ። እናትሽ «ሞታለች» ቢሉንም ስማቸውን ግን አልሸሸጉም፤ እንድትጸልዪላቸው ሰጥተውሻል።

እጄን ይዘው «አደራ፣ ልጆቼ ፊት በሐሰት የማልኩ ሆኜ አልሙት» አሉኝ። ምራቲቱ መጥታ ጋቢው ከየት መጣ ብትል የመንግሥት እርዳታ ነው አሏት። እኔም አዎ አልኩ። በዚህ ምክንያት ነው ዝም ያልኩሽ። ተዝካሩን ላስቀርልሽ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። አሁን አደራቸውን በላሁ። ራሷን አጥፍታ ይሆን እያልሽ እንዳታድሪ ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ።

ወንድምሽ
ሀይለመለኮት


መርጡለ ማርያም
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀይለመለኮት፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ቆቡን ደፍቻለሁ። በከፈን ተሸፍኜ እንደ ሙት ፍትሐት ተነቦልኛል። ከዚያ ተነስቼ መጥቼ ያነበብኩት ደብዳቤ «እናትሽ አልሞተችም» የሚል ነው።

ተናድጃለሁ። መነኩሴ አይቆጣም ቢሉህ አትመን። ከኅዳር እስከ የካቲት ዝም ስትል ለማን ነው የራራኸው? ለእሷ? ጥሩ፣ ታሳዝናለች። እኔስ? ልጅነቴን ሙሉ አዝዬህ የኖርኩት እኔ አይደለሁም? ቆቡን ከመድፋቴ በፊት ባውቅ እንደ ልጅ ነበር የምሄደው። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ነጭ ለብሼ፣ ማር ይዤ። አሁን የምሄደው እንዲህ ሆኜ ነው።

እሄዳለሁ፤ እንዳትከለክለኝ። ጾሙ ይውጣና መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ።

እቴናት


ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ ልበልሽ ወይስ እታለም? እንጃ፣ ሁለቱም አፌን ያዙኝ። ያልሽኝ ሁሉ ይገባኛል፤ ብትጨምሪበትም እችለዋለሁ።

አልከለክልሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ስትሄጂ እንደ እግዜር እንግዳ ሂጂ፤ መነኩሴ ማደሪያ ስትጠይቅ ማንም ከየት ብሎ አይመረምርም። የምትናገሪውን አይተሽ ትወስኛለሽ። እንዳላማው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እናቱን እንደ ጽላት ነው የሚያያት። እሳቸውም በጣም ደክመዋል። መሪጌታ ጸጋው በተዝካሩ በኩል ሥጋት አይግባሽ ብለዋል፤ ሰው በቁሙ ተዝካሩ ቢወጣለት መልካም ነው እንጂ አይጎዳም። ስም ሳልጠራ ነው የጠየቅኋቸው። ሂዊ ግን ከፊቴ ላይ አንብባዋለች መሰለኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ «ጋሼ፣ ደንቡን ብንቀይረውስ?» አለችኝ።

ስትደርሺ፣ ከቻልሽ፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ደብረ ኤልያስ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድማለም፣

እንኳን ብርሃነ ትንሣኤውን በሰላም አሳየህ። ይኸን የምጽፍልህ መናኸሪያው ጥግ ተቀምጬ ነው፤ መኪናው አልሞላም። ለፋሲካ በላክኸው ደብዳቤ ስትመለሽ እኔ ቤት እደሪ ያልኸውን አልችልም። ፊትህን ካየሁ አልቅሼ ሰፈር አሰበስባለሁ፤ ደህና ስሆን እመጣለሁ። ያኔ የተናገርኩህን ቁጣ ግን አንሳልኝ፤ አንተም ተጨንቀህ ነበር።

በዚያው ደብዳቤ፣ ከማኅበራችን ጽሑፍ ላይ በንዳድ ሞተች የተባለችውን ልጅ ሰርዤ ላስተካክለው ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ አትሰርዘው። እንደተጻፈ ይቅር።

ቤቱን አገኘሁት። ምራቲቱ ደግ ናት፤ እንግዳ ነኝ ስላት እግሬን ልጠብ ብላ ታገለችኝ። እሷ መደቡ ላይ ነበረች፣ ጋቢውን ለብሳ። አጭር ናት፣ ወንድማለም። ከእኔ ታንሳለች። አጠገቧ መደብ ተነጠፈልኝና ጥቂት ቀን ተቀመጥኩ። እማሆይ እያለች ትጠራኛለች። እኔ እማ ማለት አፌ ላይ እየደረሰ ስንቴ መለስኩት። ታውቀኝ እንደሆነ አላውቅም አልልህም፤ በመጣሁ ማግስት ጀምራ እጄን ይዛ አትለቅም ነበር፤ መነኩሴ ስለሆንኩ ለበረከት ነው ትላቸዋለች። ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች።

እግሮቿ አብጠዋል። ጫን አድርጌ አየሁት፤ የጣቴ ጉድጓድ አልሞላ አለ። ልቧ ነው። በዚህ ሥራ አርጅቻለሁና አልሳሳትም፤ መስከረምን አታይም። ለእንዳላማው ጨው ቀንሱላት፣ ትራሷን ከፍ አድርጉላት አልኩት፤ ሌላውን አልነገርኩትም።

ዛሬ ጠዋት ልነሳ ስል እንዳላማው አጠገባችን ተቀመጠ። ለስንቄ ዳቦ ይዞልኝ ነው። ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝና «እማሆይ፣ ትውልድዎ ወዴት ነው? መልክዎ እኛን እኛን ይላል» አለኝ። ቅን ሰው ነው፤ ለክፋት አላለውም። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ድርቅ አለ። ምራቲቱም ማማሰሏን ትታ ታየኛለች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችኝ። ወንድሜ ነው፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አልቅሼ እኅትህ ነኝ ብለው የሚከለክለኝ ማን ነበር? ያንን ሁሉ አሰብኩት። ከዚያ ጣቶቿ እጄን ጨመቁት።

«መነኩሴ ትውልድ የለውም፣ ልጄ» አልኩት።

እጇ ላላ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ተመስገን» አለች። ለእሱም አይደለም፣ ለእኔም አይደለም፤ ለብቻዋ ነው ያለችው።

ነገርሻት ወይ ብትለኝ ይኸው ነው መልሱ። አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ ስንቷ እናት ተመስገን ስትል ሰምቻለሁ። ልጁ በሰላም ሲወጣላት፣ ሲያለቅስ ስትሰማው፣ ደረቷ ላይ ሳስተኛላት ነው የምትለው። ልጄ ሳትወጣ ተሸሽጋ ቀረችልኝ ብላ ተመስገን ያለች እናት ግን እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኅትህ
እቴናት